እቴቴ መገናኛ ደርሰዋል

እሁድ ጠዋት ነው፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ። ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ። መገናኛ ደርሰናል። የናንተ ታክሲ በየት በኩል ነው የሚያዘው?»

እቴቴ ናቸው። የባለቤቴ አክስት፣ ከደሴ። ለዓይናቸው ሕክምና አዲስ አበባ ከገቡ ሳምንት ሆኗቸዋል፤ ያረፉት ኮልፌ፣ ልጃቸው ቤት ነው። «አንድ ቀን ብቅ እላለሁ» ብለውን ነበር። እኛም «ደስ ይለናል» ብለናል። ያ አንድ ቀን ዛሬ መሆኑን ግን የነገረኝ ሰው የለም። የደወሉትም አብራቸው በመጣችው የልጅ ልጃቸው ስልክ ነው።

«የአያት ታክሲ ይያዙ እቴቴ። ሲደርሱ ይደውሉልኝ፣ ልጁን እልካለሁ» አልኩ፣ ድምፄን አረጋግቼ። ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል ቤቱን አየሁት።

ሳሎናችን ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ልጆቹ ቅዳሜ ማታ የሶፋውን ትራስ በሙሉ አውርደው፣ ብርድ ልብስ ደርበው፣ ቤት ሠርተው ነበር። ሶፋው ራሱ አይታይም። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። አርብ ውሃ ሲመጣ ባለቤቴ ያለውን ልብስ ሁሉ አጥባ ነበር፤ የደረቀው ልብስ ሳይታጠፍ ሶፋው ላይ ተራራ ሆኖ ተቀምጧል። ኮሪደሩ ላይ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል። ምንጣፉ ላይ የጠዋት ፍርፍር አለ፤ ግማሹ ሳህን ላይ፣ ግማሹ ምንጣፉ ላይ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ አንድ እግር የኳስ ጫማ ተቀምጧል። ለምን እዚያ እንደተቀመጠ አትጠይቁኝ። ከሁሉም በላይ ግን ሽታው አለ። የሕፃን ዳይፐር፣ የሽንኩርት ልጣጭና ያልወጣ ቆሻሻ አንድ ላይ ሲያድሩ የሚፈጥሩትን ነገር ልጅ ያለው ሰው ያውቀዋል።

ሰዓት አሰላሁ። እሁድ ስለሆነ መንገዱ ባዶ ነው፤ ይሄ ለኔ መጥፎ ዜና ነው። ታክሲው እስኪሞላ 10 ደቂቃ፣ መንገዱ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ በባጃጅ 5 ደቂቃ። የኛ ቤት ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። እቴቴ ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ደረጃውን ጨምሬ 40 ደቂቃ አልኩ። ሊፍት ስለሌለን ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ያን እሁድ ተረኛ ነበረች። ደወልኩላት።

«እቴቴ እየመጡ ነው!»

«የት?»

«እኛ ቤት!»

ትንሽ ዝም አለች። ቤቱን እንዴት ጥላው እንደወጣች ታውቃለች። ከዚያ በተረኛ ነርስ ድምፅ ማዘዝ ጀመረች።

«ስማኝ። እንዳታጸዳ። ጊዜ የለህም። መጀመሪያ መስኮት ክፈት። ከዛ ሽንት ቤት። ከዛ ሶፋው። ከዛ ወለሉ። ዕቃ እንዳታጥብ! ሰማኸኝ? ዕቃ እንዳታጥብ።»

ዘጋችው።

«እንዳታጸዳ» የሚለው ነገር እስኪገባኝ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ድሮ እንግዳ መጣ ሲባል እጄ የሚሮጠው ወደ ኩሽና ነበር። ሳህን ማጠብ ደስ ይላል፤ የሠራኸው ሥራ ወዲያው ይታያል። ሃያ ደቂቃ እዚያ አልቆ በሩ ይንኳኳል፤ እኔ እጄ አረፋ ነው፣ ሳሎኑ ግን እንደነበረ ነው። እንግዳ መጥቶ በመጀመሪያው ሰዓት ኩሽና ገብቶ ሳህን አይቆጥርም። ቤት ማጽዳት አንድ ሥራ ነው። ቤትን ለእንግዳ ማድረስ ሌላ ሥራ ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ሁለቱንም አይጨርስም።

ስለዚህ አሁን መጀመሪያ የማደርገው ሞኝነት የሚመስል ነገር ነው፤ እንግዳው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ሄጄ እቀመጣለሁ። ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። እኛ ቤት እንግዳ የሚቀመጠው ትልቁ ሶፋ ላይ ነው። ልብሱን ገፋ አድርጌ ተቀመጥኩና ዙሪያዬን አየሁ። ቴሌቪዥኑ ይታያል። ቡፌው ይታያል። ኮሪደሩ እስከ ሽንት ቤቱ በር ድረስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የኩሽናው በር ገርበብ ካለ የዕቃ ማጠቢያው ግማሽ ይታያል። ተነሥቼ የኩሽናውን በር ዘጋሁት። ከሥራዬ ሲሶው እዚያው አለቀ።

መስኮት መጀመሪያ መከፈት ያለበት ሽታ ለመውጣት ጊዜ ስለሚፈልግ ነው። እናንተ ሌላ ነገር ስትሠሩ ነፋሱ የራሱን ሥራ ይሠራል። መጨረሻ ላይ ከከፈታችሁት እንግዳው ከሽታው ጋር በር ላይ ይገናኛል። ሁለቱንም መስኮትና የበረንዳውን በር በረገድኩት። ቴሌቪዥኑንም አጠፋሁት፤ ካርቱን እየሮጠ ልጅ አይታዘዝም።

ሦስት ልጆች አሉን። ትልቁ አሥር ዓመቱ ነው። ቆሻሻውን አስሬ ሰጠሁትና እታች ድረስ ወስዶ እንዲጥል፣ ሲመለስ ዳቦና ወተት እንዲገዛ፣ ከዚያ ግቢው በር ላይ ቆሞ እቴቴን እንዲጠብቅ ነገርኩት። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የታሰረ ቆሻሻ ደረጃው ላይ አታስቀምጡ። እንግዳው የሚመጣው በዚያው ደረጃ ነው። እኔ አንዴ ከቤት ያወጣሁትን ፌስታል እንግዳዬ «ይሄ የናንተ ነው መሰለኝ፣ ሊወድቅ ነበር» ብሎ ይዞልኝ ገብቷል።

የስድስት ዓመቷን «ቤት ውስጥ ያለ ጫማ ሁሉ አልጋ ሥር ይግባ» አልኳት። ለትንሽ ልጅ «ቤቱን አስተካክዪ» ማለት ከንቱ ነው። አንድ ዓይነት ዕቃ፣ አንድ ቦታ። ይሄ ይገባቸዋል፤ እንደ ጨዋታም ያዩታል። ቴሌቪዥኑ አጠገብ የነበረችውን የኳስ ጫማ ጭምር ወስዳ ጨረሰችው።

ትንሹ ዓመት ከመንፈቁ ነው። እሱን ባዶ ሳፋ ውስጥ ከሁለት ማንኪያና ከአንድ የቆርቆሮ ክዳን ጋር አስቀመጥኩት። ሳፋው ጠርዝ ስላለው ቶሎ አይወጣም፤ ክዳኑ ደግሞ ይጮኻል። ድምፁ እስካለ ድረስ ልጁ እዚያው እንዳለ አውቃለሁ። ዝም ካለ እሮጣለሁ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ውሃ የምናጠራቅም ሰዎች ነንና ክዳን የሌለው ባልዲ ወይም በርሜል ካለ ከሁሉ በፊት ክደኑት። ትንሽ ልጅ ጥቂት ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ በጭንቅላቱ ከወደቀ ራሱን አያወጣም። በጥድፊያ ሰዓት ደግሞ ማንም ልጁን አያይም።

ሽንት ቤት። እንግዳ ብቻውን ሆኖ፣ በሩን ዘግቶ፣ ጊዜ ወስዶ ዙሪያውን የሚያይበት የቤታችሁ ክፍል እሱ ብቻ ነው። መጀመሪያ በረኪና መቀመጫው ውስጥ ደፋሁና ተውኩት። በረኪና ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ነው የሚሠራው፤ ደፍቶ ወዲያው ማጠብ ገንዘብ መድፋት ነው። እሱ እስኪሠራ ድረስ በአሮጌ ካናቴራ እጅ መታጠቢያውንና መስታወቱን ወለወልኩ። የተሰቀሉትን የውስጥ ልብሶች አነሣሁ። ፎጣውን ቀየርኩ። ሳሙናው አልቆ እንደ ወረቀት ሳስቷል፤ አዲስ አወጣሁ። አንድ ጀሪካን ውሃና ጆግ አስገባሁ። በመጨረሻ መቀመጫውን በብሩሽ ፈትጌ አጠብኩት። ሁሉም 6 ደቂቃ አልሞላም።

ባለቤቴ ብትኖር የምትጨምረውን እኔ ልጨምር። በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር፣ ወይም ከኮምጣጤ ጋር፣ በፍጹም አታደባልቁ። መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። እኔ ከጥቂት ዓመት በፊት «ሁለቱ አንድ ላይ የበለጠ ያነጻሉ» ብዬ ደፍቻለሁ። ጉሮሮዬ ተቃጥሎ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ፣ እየሳልኩ በረንዳ ላይ ተገኘሁ። ያን ቀን ከባለቤቴ የሰማሁትን ስድብ እዚህ አልደግመውም።

ወደ ሶፋው ተመለስኩ። ልብስ ማጠፍ? አይታሰብም። አንድ ትልቅ አንሶላ መሬት ላይ ዘረጋሁ። የሶፋው ልብስ፣ ድንኳኑ፣ ደብተር፣ መጫወቻ፣ ኳስ፣ ካልሲ፣ የግማሽ ሰው ኑሮ ሁሉ እሱ ላይ ወረደ። ከዚያ አራቱን ጫፍ ያዝኩና ጓዝ አድርጌ ቋጠርኩት። ድሮ በማዳበሪያ ነበር የምሰበስበው። አንሶላ ይሻላል፤ አፉ ሰፊ ነው፣ ልጅም ቢሆን ከሩቅ ወርውሮ አይስተውም። ስትፈቱትም ሁሉም ነገር በአንዴ ይታያል።

ጓዙ ውስጥ የማይገቡ ነገሮች ግን አሉ። ቁልፍ፣ ስልክ፣ መድኃኒት፣ መታወቂያ፣ ገንዘብ። ለእነዚህ ፍሪጅ ላይ አንድ ጎድጓዳ ሳህን አለችን፤ መጀመሪያ እነሱ እዚያ ይገባሉ። ይሄን ሕግ ያወጣነው አምና ነው። እንግዳ መጣ ተብሎ ሁሉንም ማዳበሪያ ውስጥ አጎርኩት። በሦስተኛው ቀን ማታ መብራት ጠፋ፤ ሂሳቡ አልቆ ነው። ካርዱ የለም። ቤት ሙሉ ሰው በሞባይል መብራት ካርድ ፈለገ። በማግስቱ ማታ የልጁ መጫወቻ የጭነት መኪና ውስጥ፣ እንደ ዕቃ ተጭኖ ተገኘ። ፍሪጁ ውስጥ የነበረው ሥጋ ግን አልጠበቀንም።

ጓዙን እየጎተትኩ ወደ መኝታ ቤት ወስጄ ከበሩ ጀርባ ወተፍኩትና በሩን ዘጋሁ። በራሴ ኮራሁ። ይህችን ቦታ አስታውሷት።

የሶፋው ትራስ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዳንቴሉ ላይ እድፍ ነበረ፤ ገለበጥኩት። የገለበጥኩት በኩል ሌላ እድፍ ነበረ፤ ጨርሶ አነሣሁት። ዳንቴል የሌለው ሶፋ ማንንም አያሳፍርም፣ እድፍ ያለበት ዳንቴል ነው የሚያሳፍረው።

ወለል ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳት ይመስለኛል። እኛ ሀገር ቤት ጸዳ ማለት በውሃ ተወለወለ ማለት ነው። ቤቱን ሁሉ ወልውላችሁ እንግዳው እርጥብ ወለል ላይ ቢገባ ግን የጫማው ዱካ ይታተማል፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ከሆኑ ደግሞ አያድርገውና ይንሸራተታሉ። መጀመሪያ በደረቁ ጠረግሁ። ከዚያ ከመግቢያው በር እስከ ሶፋው፣ ከሶፋው እስከ ሽንት ቤቱ ያለውን መንገድ ብቻ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ወለወልኩ። ለምንጣፉ መጥረጊያውን ትንሽ ውሃ አርከፍክፌበት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ጎተትኩት። እርጥብ መጥረጊያ ፀጉሩንም ፍርፋሪውንም አንከባልሎ ይሰበስባል፤ ወዲያና ወዲህ ካመላለሳችሁት ግን መልሶ ይዘራዋል። ጀሪካኖቹን ወደ አንዱ ግድግዳ አስጠግቼ በመስመር አሰለፍኳቸው። ጀሪካን ያለበት ቤት አያሳፍርም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ጀሪካን የሌለበት ቤት ነው የሚያስገርመው። የተዝረከረከ መሆኑ ነው ችግሩ።

ሰዓቴን ሳይ 27 ደቂቃ አልፏል። ያልታጠበውን ዕቃ ትልቅ ሳፋ ውስጥ ከትቼ፣ ላርጎ የጨመርኩበት ውሃ አፍስሼበት፣ ከማጠቢያው ሥር አስገባሁት። እሱ ራሱን እየዘፈዘፈ ይቆይ።

ቀጥሎ ሽታ። ዕጣን ለማጨስ እጄ ተነሥቶ ነበር፤ ተውኩት። ቆሻሻ ሽታ ላይ ዕጣን ሲጨስ ሁለቱም አይጠፉም፤ ሦስተኛ ሽታ ይወለዳል። እንግዳውም «ምን ሊሸፍኑ ነው?» ይላል። መጀመሪያ ቆሻሻው ይውጣ፣ ነፋስ ይግባ፣ ከዚያ ቡና ይቆላ። ቡና የሚቆላበት ቤት የተዝረከረከ አይመስልም። አንድ እፍኝ ጥሬ ቡና አጥቤ ብረት ምጣድ ላይ ጣድኩ፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ከሰል የምታያይዙ ከሆነ የከፈታችሁትን መስኮት ቤቱ ሞቅ እንዲል ብላችሁ እንዳትዘጉት። ከከሰል የሚወጣው፣ የማይሸተው ጋዝ ነው የሚገድለው።

ችግሩ እኔ ቡና መቁላት እንጂ ማፍላት አልችልም። ከፊት ለፊታችን ያሉትን ጎረቤታችንን አንኳኳሁ። ትንሹን ከሳፋው አውጥቼ ጀርባዬ ላይ አዝዬዋለሁ። እሳቸው በሩን ከፍተው እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«እንግዳ መጣብህ?»

«የባለቤቴ አክስት ናቸው። ከደሴ።»

«ከደሴ!» አሉ፣ ደሴ ማለት አሜሪካ ይመስል። «በል ሂድ። ቡናውን አድርስ፣ እኔ ጀበናና ረከቦቱን ይዤ እመጣለሁ። እንጀራ አለህ?»

የለኝም። ስድስት እንጀራ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከጀበናው ጋር አብሮ መጣ። ስለ ቤት አያያዝ የቱንም ያህል ምክር ብታነቡ፣ ከፊት ለፊት የሚኖሩ ጎረቤት የሚያደርጉላችሁን አያደርግላችሁም። ከጎረቤታችሁ ጋር ከተኳረፋችሁ እንግዳ ሳይመጣ ታረቁ።

እሳቸው ሲኒ እየደረደሩ ቀና ብለው አዩኝና «አንተስ እንዲህ ሆነህ ነው የምትቀበላቸው?» አሉኝ። ራሴን አየሁ። ቁምጣ። ትከሻዬ ላይ ልጁ ያስታወከው ወተት ደርቆ ካርታ ሠርቷል። ቤቱን ሳሰማምር ራሴን ረስቻለሁ። ልብስ ልቀይር ወደ መኝታ ቤት ሄድኩ፤ በሩ አልከፈት አለ። ጓዙ በሩን ይዞታል። በትከሻዬ ገፍቼ፣ በጎን ሾልኬ ገባሁና ያገኘሁትን ሸሚዝ ለበስኩ። በዚያች ደቂቃ መንቃት ነበረብኝ። አልነቃሁም።

«መጡ! መጡ!» ትልቁ ልጅ ከታች እየጮኸ ነው።

እቴቴ በየፎቁ እያረፉ፣ በየፎቁ ያገኙትን ሰው ጤና እየጠየቁ ነው የወጡት። አምስት ደቂቃ ሳይሆን አሥር ደቂቃ ፈጀባቸው። በር ላይ ደርሰው ጉንጬን ስመው ስመው «አብሽር ልጄ፣ እንዴት ናችሁ፣ ደህና ናችሁ፣ ልጆቹስ፣ ጤናችሁስ» እያሉ ገቡ። በፌስታል በሶና ቅቤ ይዘዋል። ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ዙሪያቸውን አዩና «ማሻ አላህ፣ ቤታችሁ ያምራል» አሉ።

አንድ ነገር ተሳክቶልኛል፤ «ይቅርታ፣ ቤቱ ተዝረክርኮ…» አላልኩም። እንዳትሉት። እንግዳው ያላየውን እንዲፈልግ ትልኩታላችሁ። ባለቤቴ ይሄን መተው አልቻለችም፤ ቤቱ እንደ መስታወት ቢያበራ እንኳ ይቅርታ ትጠይቃለች።

አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ። ጎረቤታችንና እቴቴ የሚተዋወቁትን የደሴ ሰው ማፈላለግ ጀመሩ። እኔ ቡናው መሀል ኩሽና ገብቼ ሽሮ ጣድኩ፤ የተዘፈዘፈውንም ዕቃ በጸጥታ አጠብኩ። የቡናችን ጥቅም ይሄ ነው፤ እስከ በረካው ድረስ እንግዳው ከተቀመጠበት አይነሣም፣ የኩሽናው ሰው ደግሞ አንድ ሰዓት ያገኛል። ዕቃ መታጠብ ያለበት ያኔ ነው።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል አለፈ። እቴቴ ውዱእ አድርገው ከሽንት ቤት ወጡ። «ውሃውን እንኳን አስቀመጥክልኝ» ብለው መረቁኝ። ከዚያ፦

«በል መስገጃ ስጠኝ፣ ዙሁር እንዳያልፈኝ።»

መስገጃው ሳሎን ውስጥ ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጠው። ነበር። ጠዋት ከልብሱ ጋር አብሮ ሲወርድ ዓይኔ ላይ መጣብኝ። ጓዙ ውስጥ ነው፤ ያውም ከሥር።

«አሁን አመጣለሁ እቴቴ፣ አንቱ ይቀመጡ።»

ሽሮው ገነፈለ። ወደ ኩሽና ሮጥኩ። እቴቴ ደግሞ ሰው ማስቸገር የማይወዱ ሴት ናቸው። «ተወው፣ እኔ አመጣዋለሁ፣ መኝታ ቤት አይደል?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማንኪያውን ጥዬ ስወጣ የመኝታ ቤቱን በር ገፋ አደረጉት። አልተከፈተም። ደገሙት። ቋጠሮው ተፈታ መሰለኝ፣ በሩ በአንዴ ክፍት አለ። ኳሷ ተንከባልላ ወጥታ እግራቸው ሥር ቆመች።

እቴቴ ኳሷን አዩ። ጓዙን አዩ። እኔን አዩ። ለዓይን ሕክምና የመጡ ሰው ናቸው፤ ያን ሰዓት ግን ዓይናቸው ምንም አልሆነም።

«ይሄ ጓዝ ወዴት ሊሄድ ነው?» አሉ።

ጎረቤታችን ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም። እኔ ቆሜ ቀረሁ። እቴቴ ጎንበስ ብለው ካልሲና ደብተር እየገለጡ መስገጃውን ከሥር መዝዘው አወጡት፣ በሩን መለስ አደረጉና ሳሎን ውስጥ፣ የወለወልኩት ቦታ ላይ ሰገዱ።

ሽንፈቴን ሳሰላስለው ስህተቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እንግዳዬ ማን እንደሆኑ አላሰብኩም። የሚሰግድ እንግዳ መስገጃና ንጹሕ ጥግ ይፈልጋል። ሕፃን ያለባት እንግዳ ልጅ የምታስተኛበት አልጋ ትፈልጋለች። ከሩቅ የመጣ ሽማግሌ ጎኑን ማሳረፍ ይፈልጋል። እነዚህ ሁሉ መኝታ ቤት የሚያስገቡ ናቸው። ሁለተኛ፣ ጓዙን መኝታ ቤት ደበቅኩት። ለእንዲህ ዓይነት እንግዳ መኝታ ቤት ሁለተኛ ሳሎን ነው፤ ጓዝ እዚያ አይደበቅም። አሁን የምናስቀምጠው በረንዳው ላይ፣ ልብስ ከምናሰጣበት ሥር፣ በላስቲክ ሸፍነን ነው። ዝናብ ከሆነ የልጆቹ አልጋ ሥር ይገባል።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ትንንሽ ነገሮችም ለውጠናል። አንድ ንጹሕ ፎጣና አንድ ያልተከፈተ ሳሙና ቡፌው ውስጥ ለእንግዳ ብቻ ይቀመጣል። ቆሎ በክዳን ዕቃ አለ፤ ልጆቹ የት እንዳለ አያውቁም፣ ባለቤቴም የማውቅ አይመስላትም። ማታ ከመተኛታችን በፊት ሶፋው ባዶ ይሆናል። ቤቱ ሁሉ ባይሆን እንኳ ሶፋው። ይህንን በሳምንት አራት ቀን ያህል እናደርገዋለን።

አንድ ሌላም ሕግ አለን፤ ጓዙ እንግዳው በሄደበት ማታ ይፈታል። ይሄ በጣም ጥሩ ሕግ ነው። ያን እሁድ ግን ደክሞኝ ተኛሁ። ሰኞ ጠዋት ትልቁ ልጅ የዩኒፎርሙን ሱሪ አጣ። ከጓዙ መዝዘን አወጣነው፤ ተጨማዶ አኮርዲዮን መስሏል። ማክሰኞ ሌላ ነገር መዘዝን። በየቀኑ የሚያስፈልገንን እየጎረጎርን እያወጣን፣ ሌላውን መልሰን እንቋጥራለን።

እቴቴ ማክሰኞ ወደ ደሴ ተመለሱ። ሐሙስ ማታ ደወሉ። ዓይናቸው ደህና ነው፣ መንገዱ ደህና ነበር፣ ለጎረቤታችሁ ሰላም በልልኝ አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ለመሆኑ ያ ጓዝ ተፈታ?»

ጓዙ ከፊቴ ነው፤ ሴቷ ልጄ ላዩ ላይ ተቀምጣ ትዘላለች።

«አዎ እቴቴ፣ ያኔውኑ» አልኩ።

«ውሸቱን ነው!» አለች ከላይ ሆና።